መልስ፦ ለመኪና መግቢያ ስንት ሜትር ኩብ ጠጠር ይበቃል?
ጅማ ባለው ግቢዎ ውስጥ 12 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ስፋት ላለው የመኪና መግቢያ የሚበቃውን ጠጠር ለማወቅ፣ ርዝመቱን በስፋቱ፣ ውጤቱን ደግሞ በውፍረቱ ያባዛሉ። ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር (0.10 ሜትር) ከሆነ 3.6 ሜትር ኩብ ይመጣል፤ ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስና ከዳር ስለሚባክን 10 በመቶ ያህል ጨምረው 4 ሜትር ኩብ ይዘዙ።

ይሁን እንጂ የጅማ ቀይ አፈር በክረምት ጫማ የሚያስቀር ጭቃ ስለሚሆን፣ ጠጠሩ በቀጥታ ከተደፋበት በጎማ እየተጫነ ይሰምጣል። ስለዚህ ሣሩንና የላይኛውን አፈር አስነስተው፣ አስቀድመው ገረጋንቲ (ለመሙያ የሚሆን ጠጠራማ አፈር) አልብሰው ያስጠቅጥቁ፤ መጠኑም ለብቻው ይሰላል። «አንድ ቢያጆ» (የአንድ ጊዜ የመኪና ጭነት) በእኔ እምነት መለኪያ አይደለምና፣ ከመኪናው ከመራገፉ በፊት የጭነቱን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሜትር ለክተው ይረከቡ።