ኳሱ ወጣ፣ ሞተ ወይስ ቆመ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ ነው። ጎረቤቴ ህንዳዊ መምህር ናቸው፤ ማታ ማታ አብረን ክሪኬት፣ ማለትም አንዱ ኳስ ሲወረውር ሌላው በዱላ የሚመታበትን ጨዋታ፣ እናያለን። እኔም ለልጆቼ በአማርኛ አስረዳለሁ። ዳኛው እጆቹን ከወገቡ በታች እያመሳቀለ «ዴድ ቦል» (ቃል በቃል «የሞተ ኳስ»፣ ኳሱ ለጊዜው ከጨዋታ ውጭ ነው ማለት) ሲል ታላቁ ልጄ «ኳሱ ወጣ» ይላል፤ ታናሹ «ሞተ» ይላል። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ጥያቄዎ ልቤን ነክቶታል። እኔ የምመርጠው ሁለቱንም አይደለም፤ «ቆመ» የሚለውን ነው።

«ወጣ» ከእግር ኳስ የመጣ ነው። እዚያ ኳስ መስመር ካለፈ ወጣ። በክሪኬት ግን ሜዳው መሃል ሆኖም ከጨዋታ ውጭ ይሆናል። የጨዋታው 20ኛ ሕግ እንደሚለው፣ ኳሱ በወርዋሪው ወይም በዊኬት ጠባቂው (ከመቺው ጀርባ፣ ከእንጨቶቹ ኋላ በሚቆመው) እጅ ሲረጋ፣ መቺው ሲሰናበት፣ በመቺው ልብስ ውስጥ ሲወሸቅ ጨዋታው ይቋረጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 በለንደኑ ሎርድስ ሜዳ እንግሊዛዊው መቺ ቤርስቶው ኳሱ ያለቀለት መስሎት ከመቺው መስመር ወጣ። የአውስትራሊያው ዊኬት ጠባቂ ኬሪ ግን ወርውሮ እንጨቶቹን መታ፤ መቺውም ተሰናበተ። ኳሱ ገና አልቆመም ነበር። እዚህ ላይ «ወጣ» ምን ይረዳናል?

«ሞተ» እና «ቆመ» ወንድማማች ግሶች ናቸው። የሁለቱም መካከለኛ ፊደል «ወ» ነበር፤ ግእዙ «ይመውት»፣ «ይቀውም» ሲል ብቅ ይላል። ዐረብኛው «ማተ»፣ «ቃመ» ይላል። የዐረብኛው «ቃመ» ተነሣ ማለት ነው። ጅማ መስጊድ ውስጥ ኢቃማ (ሶላት ሊጀመር ሲል የሚሰማው ጥሪ) ሲባል ሰጋጁ ተነሥቶ የሚሰለፈው በዚሁ ሥር ነው። አማርኛ ደግሞ መቋረጥን ጨመረበት፤ ሰውዬው ቆመ፣ ዝናቡም ቆመ። የኦሮምኛውም «ዻበቴ» ሁለቱንም ይይዛል። የቆመ ዝናብ መልሶ ይጥላል። ክሪኬትም እንዲሁ ነው፤ ወርዋሪው መንደርደር ሲጀምር ኳሱ ወደ ጨዋታ ይመለሳል። የሞተ ግን በዚህ መንገድ አይመለስም።

«የሞተ ኳስ» ይባል ብለው የሚከራከሩኝ አሉ። «ባትሪው ሞተ፣ ገበያው ሞተ እንል የለም ወይ?» ይላሉ። እንላለን። የጅማው ሂርማታ ገበያም አንድ ሐሙስ ቢሞት በቀጣዩ ሐሙስ ይደምቃል። ይህን መካድ አልችልም። ደግሞም «የቆመ ኳስ» በስፖርት ጋዜጠኞች አፍ ሌላ ነገር ነው ይላሉ፤ ቅጣት ምት፣ ማዕዘን ምት፣ ሊመታ የተዘጋጀ ኳስ። እሱም ልክ ነው፤ ያምታታል። ቢሆንም ጆሮዬ እምቢ ይላል። አንድ ኦቨር (የአንድ ወርዋሪ ተራ) 6 ውርወራ አለው። በየውርወራው ሞተ፣ ሞተ፣ ሞተ ልንል ነው? ሞት በእኛ ቋንቋ ከባድ ቃል ነው፤ ቤት ውስጥ በልጅ አፍ እንዲህ ሲመላለስ አልወድም። ልጅ ሳለሁ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት እንኳ መስመር የረገጠችውን «ተቃጠልሽ!» ነበር የምንላት።

ያም ሆኖ ታናሹን አይቆጡት። ዛሬ ልጆች በስልክ ሲጫወቱ «ሞትኩ፣ ሞትክ» ይባባላሉ፤ ቃሉ ጨዋታ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ማረም ያለብዎት ታላቁን ነው። እርስዎ ሲያስረዱ ግን «ኳሱ ቆሟል» ይበሉ። «ቆመ» ብቻ ካሉ ተንከባልሎ ሣሩ ላይ የቀረ ይመስላቸዋል።