ሕገ መንግሥት ለሕዝበ ውሳኔ ቢቀርብ፦ ለደብረ ሲናዋ እህታችን

እህቴ፣ «አዲስ ሕገ መንግሥት ለሕዝበ ውሳኔ ቢቀርብ እኛ ቀበሌ ላይ ምን ይሠራል? አባቴ በ79 ድምፅ ሰጥቻለሁ የሚሉትስ እውነት ነው?» ላልሽው።

አባትሽ ልክ ናቸው። የደርግ ዘመን ሕገ መንግሥት ረቂቅ በ1978 ወጥቶ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ ውይይት ተደረገበት፤ ከአንድ በላይ ሚስት ማግባትን የሚከለክለው ነጥብ ብዙ አከራክሯል። ድምፅ የተሰጠው ጥር 24 ቀን 1979 ሲሆን መንግሥት 81 በመቶ ደገፈ ብሎ አስታወቀ። ዛሬ ያለውን ግን ኅዳር 29 ቀን 1987 ያጸደቀው ለዚሁ የተመረጠ ጉባኤ ነው፤ ሕዝበ ውሳኔ አልተደረገበትም። ማሻሻያውም በአንቀጽ 105 መሠረት በምክር ቤቶች ድምፅ ነው የሚያልፈው። ለምሳሌ ምዕራፍ ሦስት ያሉትን መብቶች ለመንካት የሁሉም ክልሎች ምክር ቤቶች በአብላጫ ድምፅ መስማማት አለባቸው፤ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶችም እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ።

ይህም ሆኖ ሕዝበ ውሳኔ ቢጠራ ምን እንደሚሆን፣ አሁን ወደ ቀበሌሽ። በሕዝበ ውሳኔ የሚጠየቀው ስለ ጠቅላላ ሰነዱ ነው፤ «አንቀጽ 40ን እቃወማለሁ፣ ሌላውን እደግፋለሁ» የሚባልበት ቦታ ወረቀቱ ላይ የለም። ስለዚህ ዋናው ሥራ ያለው ውይይቱ ላይ ነው። በስብሰባው ቃለ ጉባኤ ሲያዝ ሐሳባችሁ በአንቀጽ ቁጥር እንዲጻፍ አጥብቃችሁ ጠይቁ። «ተሰብሳቢው በመሬት ጉዳይ ሰፊ አስተያየት ሰጠ» ተብሎ ከተጻፈ ነገር ተነሥቶ ማንም አንቀጽ አያስተካክልም። ስብሰባውም በውቂያ ሰሞን አውድማ ላይ ሰው እያለ ከተጠራ የሚመጣው ጥቂት ነው፤ ቀኑ እንዲቀየር በጊዜ ተናገሩ።

በድምፅ መስጫው ቀን ባዶ ሣጥኑ ለታዛቢ ታይቶ ነው የሚታሸገው፤ ይህን ለማየት ጣቢያው ከመከፈቱ በፊት መድረስ ነው። ሁለቱም ምርጫ ላይ ምልክት የተደረገበት ወይም የመራጩ ስም የተጻፈበት ወረቀት ዋጋ የለውም። ማንበብ ለማይችሉ አዛውንት የትኛው ምልክት «እደግፋለሁ»፣ የትኛው «አልደግፍም» እንደሆነ ቀደም ብሎ በሥዕሉ ማሳየት ይጠቅማል፤ ብዙ ድምፅ የሚበላሸው ሰው ወረቀቱን መጀመሪያ የሚያየው እዚያው መጋረጃ ውስጥ ስለሆነ ነው።

ቆጠራው ላይ ሒሳቡ መግጠም አለበት። ጣቢያው 900 ወረቀት ተረክቦ ከሣጥኑ 640 ቢወጣ፣ 9 ተበላሽቶ ቢመለስ፣ ያልተነካው 251 መሆን አለበት። አንድ ከጎደለ ብዙ ጊዜ ሁለት ወረቀት ተጣብቆ እንደ አንድ ተቆጥሯል፣ ወይም ሰው በኪሱ ይዞት ወጥቷል። እንደገና ቁጠሩ፤ አሁንም ካልገጠመ ልዩነቱን እንዳለ ቅጹ ላይ ጻፉት እንጂ ቁጥር አታስተካክሉ። ታዛቢዎች ፈርመው ውጤቱ በር ላይ ሲለጠፍ በስልክ ፎቶ አንሡት።