ጥያቄና መልስ፦ አሮጌዋ ኮምፒውተር ትጠገን ወይስ ትሸኝ?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ያርፋሉ፦ «ይቺ ማሽን ገንዘብ ቢወጣባት ያዋጣል?» ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያለሁ፤ ሰላምታውንና ምርቃቱን ግን ተቀብያለሁ።

ጠዋት ይሮጣል፣ ከሰዓት ይተኛል

ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ቢሮ ያለው አንባቢ ላፕቶፑ እስከ 5 ሰዓት ድረስ ደህና ይሠራል። ከምሳ በኋላ ግን አንድ ኤክሴል ለመክፈት ያስለምናል፤ ሥሩም እንደ ምጣድ ይግላል። ሱቅ ቢወስደው «ራም ጨምርበት» ተብሏል።

ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሚሞሪ፣ ሰዓት አይቆጥርም። ያው ሥራ ከሆነ ጠዋት የበቃ ራም ከሰዓትም ይበቃል። ሰዓት ጠብቆ የሚንቀራፈፍ ማሽን ሕመሙ ሙቀት ነው፦ ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አእምሮ) ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፋኑ የሚያነፍሰው የክፍሉን አየር ስለሆነ ማሽኑን ከክፍሉ በታች ሊያቀዘቅዘው አይችልም። ሐረር ላይ ያለ ችግር የሚሠራ ላፕቶፕ ድሬ ላይ በግንቦት ቀን ሲከፈት ገና ከመነሻው 10 ዲግሪ ያህል ዕዳ አለበት።

ኤችደብልዩ ሞኒተር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንና ከሰዓት በኋላ እየሠራህ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ተመልከት። 95ን እየነካ ከሆነ አስከፍተህ አስጠርገው። በማቀዝቀዣው የብረት ክንፎች መካከል የተጋገረው አቧራ ይወጣል፤ ከፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት በአልኮል ተጠርጎ አዲስ ይቀባል። የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ ትበቃለች፤ ማብዛት አይጠቅምም። አየር ሲነፋበት ፋኑ በስንጥር ይያዝ፤ ከተለቀቀ ያለ ልክ ተሽከርክሮ መሽከርከሪያው ይጎዳል። ከጠረጋው በኋላም ሙቀቱ ካልወረደ ያን ጊዜ ስለ ሌላ ነገር እናወራለን። የራሙን ብር ግን ለጊዜው ኪስህ አቆየው።

4 ጊጋ ራም ላይ 8 ጊጋ ቢጨመር ይጣላሉ?

አይጣሉም፤ ሁለቱም ዲዲአር 3 ወይም ሁለቱም ዲዲአር 4 ይሁኑ እንጂ (የራም ትውልድ ስሞች ናቸው)።

«ኮር አይ ሰቨን ብለው ሸጡልኝ»

የሐረር ወጣት ነው። የገዛው ኮር አይ ሰቨን ከጓደኛው አይ ፋይቭ ሲያንስበት «ተሸወድኩ?» ይላል።

አቦ፣ ስቲከሩ አልዋሸህም፤ ግማሹን ብቻ አንብበህ ነው። ትውልዱን የሚነግርህ ከ«አይ ሰቨን» ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ነው። ያንተ 7500 ዩ ነው፦ 7ኛ ትውልድ፣ ሁለት ኮር (ኮር ማለት ሥራውን የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል ነው)። የጓደኛህ 8250 ዩ ነው፦ 8ኛ ትውልድ፣ አራት ኮር። በመካከላቸው ያለው አንድ ዓመት ቢሆንም ኢንቴል እንደነዚህ ያሉትን ባለ «ዩ» የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ኮር በእጥፍ ያሳደገው በዚያችው ዓመት ነው። ዊንዶውስ 11ም ከጥቂቶች በቀር በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። ቁጥሩ 10210 ዩ ዓይነት ባለ አምስት አሃዝ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አንብብ፤ 10ኛ ማለት ነው።

«ልጄ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው፤ አዲስ አይሻልም ወይ?»

የሳቢያኗ እናት ደብዳቤ ረጅም ነው፤ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ልጃቸው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። ቤት ውስጥ ኮር አይ ፋይቭ 4210 ዩ፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ አለ፤ እስኪነሳ ቡና ይፈላል። ድሬ ያለው ታይዋን ገበያ ደግሞ በካርቶን የታሸገ አዲስ ላፕቶፕ በደህና ዋጋ አይተዋል፦ ሴሌሮን ኤን 4020፣ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ማስቀመጫ።

እናቴ፣ ያንን ካርቶን አይግዙት።

አዲስነቱ የካርቶኑ ነው። ኤን 4020 ለቀላል ሥራና ለዋጋ ቅናሽ የተሠራ ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰር ነው፤ ቤትዎ ያለው የ2014 (እ.ኤ.አ.) አይ ፋይቭ ዛሬም ይበልጠዋል። 64 ጊጋ የተባለው ማስቀመጫ ኢኤምኤምሲ ይባላል፤ ከእናት ቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። ዊንዶውስ ከነዝመናው ግማሽ ያህሉን ይወስድና ትልቅ ዝመና በመጣ ቁጥር «ቦታ የለም» የሚል መልእክት ይጀምራል። እንዲህ ባሉት ላፕቶፖች ላይ ራሙም አብዛኛውን ጊዜ የተበየደ ነው። በሁለተኛው ዓመት ሲንቀራፈፍ የሚጨመርበትም የሚቀየርበትም ነገር አይኖርም። የእርስዎ አሮጌ ግን ብሎኑ ይፈታል።

ከማውጣትዎ በፊት የታመመው የቱ እንደሆነ ይወቁ። ልጅትዋ ላፕቶፑን ከፍታ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ትጫን። በሚመጣው መስኮት ፐርፎርማንስ የሚለውን ትክፈትና ብሮውዘርና ወርድ እየከፈተች ቁጥሮቹን ትመልከት። ፕሮሰሰሩ 20 በመቶ ላይ ተኝቶ ዲስኩ 100 በመቶ ከሆነ ማሽኑን የያዘው ሃርድ ዲስኩ ነው። ሚሞሪው ከ90 በመቶ በላይ ከሞላ ራሙም አንሷል፤ በ4 ጊጋ ላይ ሁለቱም አብረው ቢታዩ አይደንግጡ። ፕሮሰሰሩ ራሱ ሁልጊዜ 100 ከሆነና የሚያስጨንቀው ቫይረስ ካልሆነ ብቻ ነው ማሽኑ ከነገላው አርጅቷል የሚባለው።

ቅደም ተከተሉም አለው። መጀመሪያ ኤስኤስዲ፣ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ማስቀመጫ። ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳህንና የሚሮጥ ጭንቅላት ነው፤ የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎችን በሰከንድ መቶ ጊዜ ያህል ብቻ ያነብባል። ርካሹ ኤስኤስዲ እንኳ በአሥር ሺዎች ያነብባል። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያነበው ደግሞ እነዚያኑ የተበታተኑትን ነው። ባለ 2.5 ኢንች፣ የሳታ መሰኪያ ያለው፣ 240 ወይም 256 ጊጋ ይግዙ። ኤም ዶት 2 የሚባለውን ቀጭኑን ቢሰጧችሁ አይቀበሉ፤ ለዚህ ዕድሜ ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ መግቢያ የለውም። ኤስኤስዲው 7 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ ቦታው 9.5 ከሆነ የሚሞላበት የፕላስቲክ ክፈፍ ይጠይቁ፤ አለዚያ ይላወሳል። በ128 ጊጋ ዋጋ «2 ቴራ» የሚሏችሁም አሉ። ኤች2ቴስትደብልዩ የተባለ ፕሮግራም ዲስኩን እስከ ጥግ ሞልቶ መልሶ ያነብባል፤ ውሸት ካለ ያወጣዋል። ዋስትናው ሳያልቅ ይሞከር።

ቀጥሎ ራም፣ እስከ 8 ጊጋ። እዚህ ላይ ስህተት ይበዛል፤ 4210 ዩ የሚቀበለው በ1.35 ቮልት የሚሠራውን ዲዲአር 3 ኤል ነው። ኤል የሌለው ባለ 1.5 ቮልቱ ዲዲአር 3 ልክክ ብሎ ይገባል፤ ማሽኑ ግን ላይነሳ ይችላል። ስንት ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ እዚያው ፐርፎርማንስ ውስጥ ሚሞሪ ስር ተጽፏል።

ሲከፈት ቻርጀሩም ባትሪውም ይነቀል። የ500 ጊጋው ዲስክ እንዳለ ወደ 256 አይገለበጥም፤ ስለዚህ ፎቶና ሰነዱን ቀድማ ትገልብጥ፣ ዊንዶውስ በአዲሱ ላይ እንደ አዲስ ይጫን። አሮጌው ሃርድ ዲስክ በዩኤስቢ ኬዝ ገብቶ መጠባበቂያ ይሁናት።

የቀረው የዊንዶውስ ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፤ ለግለሰቦች ማይክሮሶፍት የአንድ ዓመት ተጨማሪ የደህንነት ዝመና ፈቅዷል። 4ኛ ትውልድ ለ11 በይፋ አይፈቀድለትም። ቴክኒሻኖች ክልከላውን አልፈው ይጭኑታል፤ ይሠራልም። ወደፊት ዝመናው እንደማይቋረጥ ግን ዋስ የሚሆን የለም። ለንባብ፣ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ነፃው የዊንዶውስ ምትክ ሊኑክስ ሚንት በዚህ ማሽን ላይ ቀልጠፍ ብሎ ይሄዳል፤ ልጆች በሳምንት ይለምዱታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ። ልጅዎ የምትጀምረው በፍሬሽማን የጋራ ኮርስ ነው። ዲፓርትመንቷ ገና አልታወቀም፤ የማይታወቅ ሥራ ደግሞ ማሽን አይመረጥለትም። ሲቪል ምህንድስና ወይም አርክቴክቸር ከደረሳት አውቶካድ የሚባለው የንድፍ ፕሮግራም አለ፤ 16 ጊጋ ራምና ጠንከር ያለ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ሕግ ወይም አካውንቲንግ ከሆነ ይኸው አሮጌ ጨርሶ ሊያስመርቃት ይችላል። ስለዚህ ዘንድሮ ኤስኤስዲና ራም ብቻ፤ ትልቁን ብር ዲፓርትመንት እስኪወጣ ይያዙት።

ያኔ መግዛት ካስፈለገም ከካርቶኑ ሴሌሮን ይልቅ ለመሥሪያ ቤት የተሠራ ያገለገለ ላፕቶፕ ይሻላል፦ ቲንክፓድ ቲ480 ወይም ኤሊትቡክ 840 ጂ5 ዓይነት። ሁለቱም በ7ኛ ትውልድም ስለተሸጡ ሞዴሉን አይተው አይመኑ፤ የፕሮሰሰሩን ቁጥር ያንብቡ። ከሻጩ ፊት ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ይከፈት፤ ፓስዎርድ ከጠየቀ ላፕቶፑን ለሻጩ ይመልሱ። ከዚያ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖ ከኢንተርኔት ጋር ይገናኝ። የሆነ የውጭ ኩባንያ ስም ወጥቶ «በድርጅትህ አካውንት ግባ» ካለ ማሽኑ አሁንም የዚያ ኩባንያ ነው፤ ሻጩ «ይስተካከላል» ቢልም ይተውት።

ሦስት ኮር 2 ዱዎ፣ አንድ ጽሕፈት ቤት

ሐረር ሸዋ በር ያለ የጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት ባለቤት ሦስቱንም ዴስክቶፖች «ላሳድጋቸው?» ይላሉ።

አንድ ብርም አያውጡባቸው። ራማቸው ዲዲአር 2 ነው፤ ዛሬ ቢገዙት ነገ ለሌላ ማሽን አይዛወርም። የቅርቡ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ፕሮሰሰሩ የማያውቀውን ትእዛዝ ስለሚጠይቅ በኮር 2 ዱዎ ላይ በማለፊያ ዘዴም አይነሳም። አንድ በአንድ በ8ኛ ትውልድ ያገለገለ ዴስክቶፕ ይተኳቸው። በፓራለል ገመድ የሚሠራ የድሮ ፕሪንተር ካለዎት ከሦስቱ አንዷን ለእሱ ያስቀሩለት። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚይዘው ባትሪ) ሲገዙ ኮምፒውተሩና ስክሪኑ ብቻ ይሰኩበት፤ ፎቶኮፒና ሌዘር ፕሪንተር ወረቀቱን የሚያሞቁበት ክፍል በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ዩፒኤሱን ይጥለዋል። ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር መደራረቡም ይቅር።

ቋ፣ ቋ፣ ቋ

የአንድ ነጋዴ ሂሳብ ሠራተኛ ናት። ፒችትሪ የተባለው የሂሳብ ፕሮግራም ያለበት ኮምፒውተር ከሃርድ ዲስኩ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ያሰማል፤ አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ አይነሳም። የሰኔ 30 ሂሳብ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ጥያቄዋ «ፎርማት ይደረግ ወይስ አዲስ ይገዛ?» ነው።

ሁለቱም አይደለም። አሁኑኑ አጥፊው፣ መልሰሽም አታብሪው። ያ ድምፅ የማንበቢያው ጭንቅላት ቦታውን እየሳተ መሆኑን ይነግራል፤ በበራ ቁጥር ሳህኑን ሊፍቅ ይችላል፣ የተፋቀ ደግሞ አይመለስም። ቼክ ዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ ዲስክ መመርመሪያ አታስኪጂበት፣ ፎርማት አታስደርጊው፤ ሱቅ ላይ «ከፍቼ ልየው» የሚል ከመጣም ዲስኩን ይዘሽ ውጪ። የድሬ አቧራ ቅንጣት ከጭንቅላቱና ከሳህኑ ክፍተት በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ይሄ የዳታ ማዳን ባለሙያ ሥራ ነው፤ እዚህ ላይ አልደራደርም። ዊንዶውስ የሚጭን ሁሉ ይህን አያውቅም። አንድ ነገር ጠይቂው፦ «መጀመሪያ ሙሉ ቅጂውን ወደ ሌላ ዲስክ ትወስዳለህ?» መልሱ ወዲያው «አዎ» ካልሆነ ሌላ ፈልጊ፣ አዲስ አበባ መላክ ቢያስፈልግም። ሂሳቡ ከወጣ በኋላ ኮምፒውተሩ አሮጌም ይሁን አዲስ ግድ የለም። ፒችትሪ የራሱ ባክአፕ አለው፤ በየሳምንቱ ሁለት ፍላሽ ላይ፣ አንዱ ቢሮ አንዱ ቤት።

የላፕቶፑ መዳፊት ሰሌዳ (ታችፓድ) ወደ ላይ ተነሳ

ባትሪው አብጧል። ቻርጅ አታድርገው፣ አትጫነው፣ አትውጋው፤ አስወጣውና አዲስ አስገባ። ላፕቶፑ ራሱ ደህና ነው።

«ልሸጠው ስለሆነ ፎርማት አደረግኩት፤ ፋይሌ ጠፋ አይደል?»

አልጠፋም። ፈጣኑ ፎርማት ማውጫውን ብቻ ነው የሚያነሳው፤ ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነ ፎቶህን ማንም በነፃ ፕሮግራም ያወጣዋል። ዊንዶውስን ሪሴት ስታደርግ ሁሉንም አጥፋ የሚለውን፣ ቀጥሎም ድራይቩን አጽዳ የሚለውን ምረጥ፤ ሰዓታት ይወስዳል፣ ታገሥ። ወይም ዲስኩን አውጥተህ ያለ ዲስክ ሽጠው፤ ዋጋው ትንሽ ቢቀንስ ነው።