የአባትዎ ብስክሌት ፍሬም፦ ይታደስ ወይስ ለሌላ አገልግሎት ይዋል?

መምህር፣ ከፍኖተ ሰላም የላኩልኝን ጥያቄ ከነልኬቱ አንብቤዋለሁ። አባትዎ በወጣትነታቸው ይነዱት የነበረው የእሽቅድምድም ብስክሌት ፍሬም ከነፎርኬታው (የፊት ጎማውን ከሚይዘው ሹካ ጋር) ዕቃ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቷል። ጎማዎቹና ፍሬኖቹ ጠፍተዋል፤ የኮርቻው ዘንግ ቱቦው ውስጥ ተጣብቆ አልወጣ ብሏል፤ ቀለሙም እዚህም እዚያም ተልጧል። እርስዎ የጠየቁኝ እንደ ጥንቱ አሳድሰው ያስቀምጡት ወይስ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለገባችው ልጅዎ የዘወትር መጓጓዣ ያድርጉት የሚለውን ነው። የኮርቻው ቱቦ ቁመት 56 ሳንቲ ሜትር፣ የልጅዎ እግር ከብሽሽት እስከ ተረከዝ 74 ሳንቲ ሜትር መሆኑን መጻፍዎ በጣም ጠቅሞኛል፤ ከጥያቄው ግማሹን የሚመልሰው ይህ ልኬት ነውና።

በእንዲህ ያለ ፍሬም ላይ የፔዳሉ ኩሽኔታ ቤት ከመሬት ወደ 27 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። የኮርቻው ቱቦ ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል 56 ሳንቲ ሜትሩ ቀጥ ብሎ ሲለካ ወደ 53 ተኩል ይወርዳል፤ ሁለቱ ሲደመሩ የላይኛው ቱቦ ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይውላል። ልጅዎ ብስክሌቱን አቁማ ሁለት እግሯን መሬት ልታስነካ ብትሞክር ቱቦው በ6 ሳንቲ ሜትር ይበልጣታል ማለት ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ብትሆንም ባጃጅና እግረኛ የሚበዛባት ከተማ ናት፤ በየደቂቃው መቆምና መውረድ አለ። ኮርቻውን ዝቅ ማድረግም ሆነ መሪውን መቀየር የላይኛውን ቱቦ አያወርደውም። ስለዚህ ይህን ፍሬም ለልጅዎ እንዲያደርጉት አልመክርም። በቁመት አባትዎን እንደሚያህሉ ጽፈውልኛል፤ ፍሬሙ የሚሆነው ለእርስዎ ነው።

ይህ ከተወሰነ በኋላ ማንኛውንም ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ፍሬሙ በሕይወት መኖሩን ያረጋግጡ። በመጀመሪያ የላይኛውና የታችኛው ቱቦ ከመሪው ቱቦ ጋር የሚገናኙበትን ቦታ ከታች በኩል በጣትዎ ይዳብሱ። ብስክሌቱ ከፊት ተጋጭቶ ከሆነ ቱቦው እዚያ ላይ ያብጣል፣ ወይም ቀለሙ እንደ ተጨማደደ ወረቀት ይሆናል። የሚያጠራጥር መስመር ካዩ ቀለሙን እዚያ ላይ ብቻ ይፋቁና ላምባ ይቀቡት፤ ጥቂት ቆይተው በጨርቅ በደንብ ካደረቁት በኋላ ከክፍልዎ የማይጠፋውን ነጭ ጠመኔ ፈጭተው ይነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ላምባ ወደ ጠመኔው እየሰረገ ቀጭን ጥቁር መስመር ያወጣል። የኩሽኔታውን ቤት ዙሪያ፣ የኋላ ጎማ ዘንግ የሚቀመጥባቸውን ማረፊያዎችና የፎርኬታውን አንገትም እንዲሁ ይፈትሹ። ቀጥሎ የኩሽኔታውን ቤት ሆድና ከኋላው የሚነሱትን ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች በወስፌ ጫፍ ጫን እያደረጉ ይንኩ። በላይ የገባ ውኃ ሁሉ የሚጠራቀመው እዚያ ነው፤ ወስፌው ብረቱን ከበሳው ፍሬሙ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንጂ ሰው አይቀመጥበትም።

ፍሬሙ ቀጥ ያለ መሆኑን ለማየት አንድ ሲባጎ ይበቃዎታል። ከአንዱ የኋላ ማረፊያ አስረው በመሪው ቱቦ ፊት ያዙሩትና ወደ ሌላው ማረፊያ መልሰው ወጥረው ይሰሩት። ከዚያ ሲባጎው ከኮርቻው ቱቦ ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ይለኩ። ልዩነቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ጥሩ ነው። ከበለጠ ደግሞ ይህ የብረት ፍሬም ስለሆነ ልምድ ያለው ሰው ሳያሞቅ ሊያቀናው ይችላል፤ አሉሚኒየም ቢሆን ኖሮ ይህን አልልዎትም ነበር።

የላኩልኝ ሁለት ቁጥሮች ስለ ፍሬሙ ብዙ ይናገራሉ። በሁለቱ የኋላ ማረፊያዎች መካከል ያለው ስፋት 126 ሚሊ ሜትር መሆኑ ብስክሌቱ ከኋላ 6 ማርሽ የነበረው፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ወይም በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ መሆኑን ያመለክታል። የኩሽኔታው ቤት ወርድ 70 ሚሊ ሜትር መሆኑ ደግሞ በጣሊያን ልክ የተሠራ ነው ማለት ነው፤ በእንግሊዝ ልክ የሚሠራው 68 ነው። ይህን ለሚሠራልዎ ሰው አስቀድመው ይንገሩት፤ የማሳስብዎ በምክንያት ነው። እኛ በየቀኑ የምንፈታቸው የቻይናና የሕንድ ብስክሌቶች ባብዛኛው የእንግሊዙን ልክ የያዙ ስለሆኑ በሰንሰለቱ በኩል ያለው የኩሽኔታው ቤት ክዳን የሚፈታው በሰዓት አቅጣጫ ነው፤ እጃችን ይህን ለምዷል። በጣሊያኑ ግን ሁለቱም ክዳኖች የሚፈቱት ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ነው። ባለሙያው በልማድ ረጅም ቁልፍ ይዞ በሰዓት አቅጣጫ ቢገፋው ክዳኑን ይበልጥ ያጠብቀዋል፤ የሚጠመዘዝበት ጥርሱ ከተበላ ደግሞ የጣሊያን ጥርስ የሚያወጣ መሣሪያ እዚህ አካባቢ በቀላሉ አያገኙም።

የተጣበቀው የኮርቻ ዘንግ ትዕግሥት ይፈልጋል። ዘንጉ አሉሚኒየም፣ ቱቦው ብረት ነው፤ በእርጥበት ውስጥ ሁለቱ ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እያወጣ ያብጥና እንደ ሽብልቅ ይወጠራል። ክዳኖቹ ከተፈቱ በኋላ ፍሬሙን ዘቅዝቀው ያቁሙትና በኩሽኔታው ቤት በኩል ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ወደ ኮርቻው ቱቦ ያፍስሱ። በየቀኑ እየጨመሩ ለአንድ ሳምንት ይተዉት። ከዚያ የዘንጉን ጫፍ (ቱቦውን ፈጽሞ አይደለም) በሞርሳ አጥብቀው ይያዙና ፍሬሙን ራሱን እንደ ማንሻ በሁለት እጅ ይዘው ቀስ ብለው ግራና ቀኝ ይሞክሩ። መጀመሪያ የሚሰሙት እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ የሚል ድምፅ ነው፤ ያ ድምፅ ከተሰማ ተላቋል፤ ዘይት ጨምረው ይቀጥሉ። የማይላቀቅ ከሆነ በእሳት ከማንደድ ይልቅ ዘንጉን ቆርጦ ከውስጥ በመጋዝ ምላጭ መሰንጠቅ ይሻላል፤ የቱቦዎቹ መጋጠሚያዎች የተያያዙት በናስ ስለሆነ ኃይለኛ እሳት አይወዱም። ሲወጣ የዘንጉን ውፍረት በካሊፐር ይለኩ። 27.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ አባትዎ የነበራቸው ከቀጭንና ከምርጥ ቱቦ የተሠራ ብስክሌት ነው። 26 ከምናምን ከሆነ የቱቦው ግድግዳ ወፈር ያለ፣ ተራ ግን ጠንካራ ፍሬም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ውሳኔ ልመለስ። ሙሉ እድሳት ማለት የዘመኑን ፍሬን፣ ማርሽና ሞዞ (የጎማውን መሐል እምብርት) አንድ በአንድ ከውጭ ማስመጣት ነው፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ስለሚሳሳለት ብስክሌቱ ተመልሶ ዕቃ ቤት ይገባል። የእኔ ሐሳብ እየተነዳ እንዲኖር ነው፤ አንድ ነገር ብቻ በጥብቅ እጠይቅዎታለሁ። በፍሬሙ ላይ የሚያደርጉት ለውጥ ሁሉ ነገ ሊመለስ የሚችል ይሁን። የሚታሰርና የሚፈታ ነገር ሁሉ ይቻላል፤ መቁረጥ፣ መብሳትና መበየድ ግን አይቻልም። ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተምሬ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ በእንዲህ ያለ ፍሬም ላይ ፖርቶ መጋላ (የኋላ ዕቃ መጫኛ) እንዲበየድለት ሲለምነኝ እሺ ብዬ በኤሌክትሪክ አስበየድኩለት። ስድስት ወር ሳይሞላ ቱቦው ከብየዳው ጣት በማይሞላ ርቀት ላይ ዙሪያውን ተሰነጠቀ። ኮሎምበስ ኤስ ኤል የሚባለው የጣሊያን ቱቦ ጫፉ ላይ 0.9፣ መሐሉ ላይ 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የበር ላሜራ የሚበየድበትን እሳት ሊችል አይችልም። ያን ፍሬም ለባለቤቱ ስመልስ የተሰማኝን አልረሳውም።

ቀለሙንም አይግፈፉት። የተላጠውን ቦታ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት አጽድተው የዝገት መከላከያ ይቀቡትና በተቀራራቢ ቀለም ይሸፍኑት። አባትዎ የነኩት ቀለም አንዴ ከተገፈፈ ማንም አይመልሰውም።

ጎማ ሲገዙ «28» የሚለውን ትልቅ ቁጥር አይመኑ፤ በጎኑ ላይ በትንሹ የታተመውን ያንብቡ። ለእርስዎ የሚሆነው 28-622 የሚለው ነው፤ 28 ስፋቱ፣ 622 ደግሞ ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ነው። ገበያ ላይ «28» ተብሎ የሚሸጠው የከባዱ ብስክሌት ጎማ 635 ስለሆነ አይገጥምም። የማውንቴኑ ባለ 26 ቸርኬ 559 ነው፤ እሱን ቢያስገቡ ፍሬኑ ከቸርኬው 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ይቀራል። የኋላ ሞዞ ሲመርጡም 135 ሚሊ ሜትር የሆነውን የማውንቴን ሞዞ ፍሬሙን በጉልበት ከፍተው እንዳያስገቡ፤ ማረፊያዎቹ ስለሚጣመሙ ዘንግ ይሰብራል። 130 ከሆነ በየጎኑ የሚከፈተው 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ብረቱ ይችለዋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከሞዞው ዘንግ ላይ ሮንዴላዎችን ቀንሶ ወደ 126 ማውረድና ቸርኬውን በራጂው እንደገና መሐል ላይ ማምጣት ነው።

ከቤት ትምህርት ቤት ብቻ የሚመላለሱ ከሆነ አንድ ማርሽ ይበቃዎታል፤ ከፊት 42፣ ከኋላ 18 ጥርስ ለከተማ መንገድ ተስማሚ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩት የኋላ ማረፊያዎች አግድም የተከፈቱ ስለሆኑ ጎማውን ወደ ኋላ በመሳብ ሰንሰለቱን መወጠር ይችላሉ። ወደ ጅጋ ወይም ወደ ቡሬ የሚወጡ ከሆነ ግን ባለ 6 ፒኞን (የኋላ ጥርስ) ያስገቡለት። የተቆለመመው መሪ ወገብ ካስቸገረዎት ቀጥ ባለ ይቀይሩት። የፍሬን እጀታ ሲገዙ ግን የማውንቴኑን ረጅም ሳቢ እጀታ አይውሰዱ፤ ከዚህ ዓይነቱ ፍሬን ጋር አይስማማም። ፖርቶ መጋላውን ከድሮ ከለመዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ ላይ በብረት ማቀፊያ ያስሩት፤ ደብተርና ትንሽ ዘንቢል ይጫኑበት እንጂ ሰው ወይም የጤፍ ከረጢት አይጫኑበት።

ከመገጣጠምዎ በፊት የተልባ ዘይት በየቱቦው ውስጥ አፍስሰው ፍሬሙን እያገላበጡ ያዳርሱት፤ ትርፉን አንጠፍጥፈው ያውጡና ለብዙ ቀን ያድርቁት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ስስ ቆዳ ስለሚሠራ የክረምቱን እርጥበት ይከለክላል። አዲሱን የኮርቻ ዘንግ ያለ ግራሶ አያስገቡ፤ በየዓመቱ መስከረም ላይም አውጥተው እንደገና ይቀቡት።

ለልጅዎ ደግሞ ባሕር ዳር ላይ የላይኛው ቱቦ ዝቅ ያለ የሴት ብስክሌት ይፈልጉላት፤ ባለ 26 ጎማ ቢሆን መለዋወጫው በየሰፈሩ አለ። ከመግዛትዎ በፊት ራሷ ትቁምበት፤ በሁለት እግሯ መሬት ረግጣ ከቱቦው በላይ ቢያንስ ሦስት ጣት ክፍተት ካገኘች ይግዙላት።