መልስ፦ ብንያም የሐዘን ስም ነው ወይ?

እህቴ፣ «ብንያም የሐዘን ስም ነው ይሉኛል፤ ለልጄ ላውጣው ወይስ ይቅርብኝ?» ላልሽው፦ ኧረ አውጪለት! ሐዘኑ ያለው በመጀመሪያው ስሙ ላይ ነው። ራሔል ወደ ኤፍራታ በሚወስደው መንገድ ላይ ምጥ ጠንቶባት፣ ነፍሷ ልትወጣ ስትል «ቤንኦኒ» አለችው። የሐዘኔ ልጅ ማለት ነው። አባቱ ያዕቆብ ግን ስሙን «ብንያም» ብሎ ቀየረው። በዕብራይስጥ «ቤን» ልጅ፣ «ያሚን» ቀኝ ነው፤ የቀኝ እጄ ልጅ እንደማለት። ቀኝ ደግሞ የብርታትና የክብር ወገን ነው። የደቡብ ልጅ ብለው የሚፈቱትም አሉ፤ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ላዞረ ሰው ቀኙ ደቡብ ነውና። እኔ የመጀመሪያው ያስኬዳል ባይ ነኝ። የሚገርመው፣ ከዚሁ «የቀኝ» ነገድ የወጣው የመጽሐፍ ቅዱሱ የእስራኤል መስፍን ናዖድ ግራኝ ነበር! ንጉሥ ሳኦልም የዚያው ነገድ ነው። እስራኤል ውስጥ ቤኒ ወይም ቢቢ ብለው ያቆላምጡታል፤ እኛ ጋ ያው ቢኒ ነው።