አሸዋው የት ይገልበጥ?

ሰላም ውድ አንባቢዎች። ከባሕር ዳር ከመጡልኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ፤ ሁሉም ሕንፃ ሲሠራ ግቢው ውስጥ ምን የት ይቀመጥ የሚሉ ናቸው። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ቦታ ለእሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ሽምብጥ አካባቢ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ 15 በ25 ሜትር ቦታ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ልሠራ ነው። ሕንፃው 12 በ15 ሜትር ይሆናል። ቁፋሮው ጥር ላይ ይጀመራል። ስቶሩን፣ ሚክሰሩን፣ አሸዋውንና የዘበኛውን ቤት የት እንደምናደርግ ፎርማኑን ብጠይቀው «ጋሼ፣ እርስዎ አያስቡ፣ ቦታ እንደተገኘ እናደርገዋለን» አለኝ። ልጄ ደግሞ በወረቀት ካልተሠራ ትላለች። ለእንዲህ ያለች ትንሽ ቦታም ፕላን ያስፈልጋል? (መ. ከሽምብጥ)

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ናት፣ ጋሼ። ቦታው ትንሽ ስለሆነማ ይብስ ያስፈልጋል። ሰፊ ግቢ ላይ የተሳሳተ ሰው ሌላ ጥግ ይፈልጋል፤ የእርስዎ ግቢ ግን ትርፍ ጥግ የለውም። ሒሳቡን አብረን እንየው። ቦታዎ 375 ካሬ ነው። ሕንፃው 180 ይወስዳል፣ 195 ይተርፋል። የተረፈውም አንድ ላይ አይደለም። በግራና በቀኝ አንድ ሜትር ተኩል፣ ከኋላ ሦስት ሜትር፣ ከፊት ሰባት ሜትር ሆኖ የተበታተነ ነው እንበል። መሠረት ሲቆፈር ደግሞ አናጺው ገብቶ ፎርም የሚያስርበት ቦታ ስለሚያስፈልግ ከሕንፃው ጠርዝ ወጣ ተብሎ ነው የሚቆፈረው፣ ስለዚህ ሙሊቱ (ጉድጓዱ ተመልሶ የሚሞላበት አፈር) እስኪገባ ድረስ የጎኑ መተላለፊያ የለም ብለው ይቁጠሩት።

አሁን አንድ ሲኖ ትራክ አሸዋ ያስቡ። 16 ሜትር ኩብ ነው። ሲገለበጥ ቁመቱ 1.8 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ግርጌው ደግሞ ወደ 6 ሜትር ይሰፋል። አንድ ክምር ብቻ ከአጥሩ እስከ ሕንፃው ሞላው ማለት ነው። ጠጠሩስ? ብሎኬቱስ? ፎርማኑ «ቦታ እንደተገኘ» ያለው ቦታ የቱ ነው?

ይህን የምልዎት ስለደረሰብኝ ነው። ገና ጀማሪ ፎርማን ሳለሁ አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ሲኖ አሸዋና ጠጠር በሩ አጠገብ ባለው ጥግ አስገለበጥኩ። ለመኪናው ይመች ነበር። የመጀመሪያው ሶሌታ (የፎቁ ኮንክሪት ወለል) እንዳለቀ ስዕሉን ስገልጥ ሴፕቲክ ታንከሩ የሚቆፈረው እዚያው ክምሩ ሥር ነው። ስምንት የቀን ሠራተኞች ሁለት ቀን ሙሉ በባሬላ ወደ ሌላው ጎን አጋዙት። ከወር በኋላ የአጥሩ መሠረት ሲቆፈር እንደገና ተነሳ። የባለቤቱ ገንዘብ ነው እንዲሁ ከጥግ ወደ ጥግ የሄደው፣ የሠራተኞቹም ትከሻ ነው የተላጠው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ አንድ ኤ4 ወረቀት ያምጡ። አንዱን ሜትር በአንድ ሴንቲ ቢስሉት ቦታዎ 15 በ25 ሴንቲ ሆኖ ልክ ይገባል። ሕንፃውን ይሳሉ። ቀጥሎ የሚሳለው ስቶሩ አይደለም፤ መሬት ውስጥ ሊገባ ያለው ሁሉ ነው። ሴፕቲክ ታንከሩ፣ የውሃና የፍሳሽ መስመሩ፣ የአጥሩ መሠረት፣ ካለ ደግሞ የማይቆረጠው ዛፍ። እነዚህን በቀይ ያጥቁሯቸው። ቀይ ላይ ምንም ነገር አይቀመጥም። ከዚያ ልጅዎ ከካርቶን ቁርጥራጮች ትቁረጥልዎት፦ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ስቶር፣ ሚክሰር፣ ሮቶ፣ ሽንት ቤት፣ የዘበኛ ቤት። ወረቀቱ ላይ እያንቀሳቀሱ ይሞክሩ። ፎርማኑንም ቡና ጠርተው አብሮ ያንቀሳቅስ፤ እሱ የሚያውቀው እርስዎ የማያውቁት ብዙ ነገር አለ፣ ቦታው ላይ የሚውለውም እሱ ነው።

በሩ 4 ሜትር ቢሆን ሲኖ ሳይጨነቅ ይገባል። መኪናው ወደ ኋላ ገብቶ የሚገለብጥበትን መስመር ባዶ ይተዉት። የመኪናው የጭነት ሳጥን ለመገልበጥ ሲነሳ ከላይ የመብራት ሽቦ እንዳይኖር ቀና ብለው ይዩ። ይሄ ሰው የሚገድል ነገር ነው። በሩ 4፣ ባዶው መስመር 7 ሜትር ሲሆን 28 ካሬ ሄደ። የፊት ግቢዎ 105 ካሬ ነው። 77 ቀረዎት።

ከቀረው ላይ ሁለት ክምር እንዲሁ ቢገለበጥ 56 ካሬ ገደማ ይበላል። ክምሩን ግን በሦስት ጎን በብሎኬት ወይም በጣውላ አጥረው ቁመቱን 1.2 ሜትር ላይ ቢያስጠብቁት አንድ ሲኖ 14 ካሬ ባልሞላ ቦታ ያርፋል። ግማሽ ቦታ አተረፉ። ከሥሩ ስስ ኮንክሪት ወይም ጠጠር ቢኖር ደግሞ የመጨረሻው አሸዋ ከዋልካ ጋር አይቀላቀልም። ሚክሰሩ በሁለቱ መሃል ይቁም፣ የስቶሩ በር ወደ ሚክሰሩ ይዙር፣ ኮንክሪቱ የሚወጣበት ሊፍት ወይም መወጣጫም ከዚያው ጎን ይሁን። የተቦካ ኮንክሪት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ቦታው ቢደርስ ጥሩ ነው። ሚክሰሩ ከፊት፣ መወጣጫው ከኋላ ከሆነ ግን ባሬላ ተሸካሚው ሕንፃውን እየዞረ ይውላል።

ብረቱ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። አንድ ፌሮ 12 ሜትር ነው። ታጥፎ ቢመጣ እንኳ ፌራዮው ለማቅናትና ለመቁረጥ ቀጥ ያለ 12 ሜትር ይፈልጋል። የፊት አጥርዎ 15 ሜትር ነው፣ በሩ 4 ሲወስድ 11 ይቀራል። አልበቃም። ከኋላ ግን 15 በ3 ሜትር አለዎት፣ ለብረት ልክክ ያለ ቦታ ነው። ችግሩ ቁፋሮው ከተጀመረ በኋላ ብረት ወደ ኋላ ማሳለፊያ የለም። ስለዚህ የመሠረቱ ብረት ቁፋሮው ሳይጀመር ይግባ፣ ሞራሌ እንጨት ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ ይደርደር። የሳይት ፕላን (ይህ የግቢው አቀማመጥ ወረቀት) ለየትኛው ጊዜ እንደሆነ ካልተለየ አይሟላም የምለው ለዚህ ነው፤ ሦስት ወረቀት ይሥሩ፣ አንዱን ለመሠረት፣ ሁለተኛውን ለሶሌታ፣ ሦስተኛውን ለፊኒሺንግ። የምድር ቤቱ ሶሌታ ደርቆ ድጋፉ ሲነሳ ስቶሩ ወደ ውስጥ ይገባል፣ የፊት ግቢው ይተነፍሳል።

ስለ ሲሚንቶ ልንገርዎት። የእርስዎ ሶሌታ ከቢሞቹ ጋር ወደ 37 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይፈልጋል። በአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ብንይዝ ወደ 270 ከረጢት ነው። አሥር አሥር አድርገው ሲደረድሩት፣ ከግድግዳው 30 ሴንቲ ሲርቅና መተላለፊያ ሲተዉለት 3 በ5 ሜትር ስቶር ይበቃዎታል። ከአሥር በላይ አይደርድሩ። ወለሉ ግን ከሁሉ ይበልጣል። አንድ ጊዜ ነሐሴ ላይ ሐይቁ አጠገብ ያለ ሳይት ስቶር ገባሁ። ቆርቆሮው ደህና ነው፣ አንድ ጠብታ አያፈስም። የላይኛውን ከረጢት ስጫነው እንደ ዱቄት ይሰምጣል። የታችኛውን ስነካው ጠርዙ ድንጋይ ሆኗል። ጣውላው መሬት ላይ ተኝቶ ነበር፣ እርጥበቱ ከታች ነው የመጣው። ስለዚህ ወለሉ ከግቢው ከፍ ይበል፣ ፕላስቲክ ይነጠፍበት፣ በላዩ ጣውላው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። ሦስት ወር ከቆየ ጉልበቱ ይቀንሳል።

ውሃም እንዲሁ። ያ ሶሌታ ለማቡካት ብቻ ከ6,600 ሊትር በላይ ይጠጣል። አንድ የ2 ሺህ ሊትር ሮቶ አቁመው የቧንቧውን ውሃ ተማምነው ከጀመሩ፣ ውሃው በጠፋበት ሰዓት ሶሌታው ግማሽ ላይ ይቆማል። ከዋዜማው ጀምሮ 10 ሺህ ሊትር ይያዙ። ክዳኑ ይገጠም፣ ባሕር ዳር ወባ አለ።

ጥር መጀመርዎ ጥሩ ነው። በእኛ ከተማ የዓመቱ ዝናብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይወርዳል። ዝናቡ ቢያባራም ጣና ሞልቶ ከፍ የሚለው መስከረምና ጥቅምት ላይ ስለሆነ፣ ከሐይቁ ቅርብ የሚቆፍር ሰው ሰማዩ ጠርቶ እንኳ ጉድጓዱ ውሃ ይቋጥርበታል። በበጋ ደግሞ ይወርዳል። ያም ሆኖ ፓምፕ አይጥፋ። የሚወጣው ጭቃ ውሃ በቀጥታ ወደ መንገዱ ቦይ አይለቀቅ፤ መጀመሪያ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ይጥለል። የሚክሰር እጣቢ ደግሞ ጨርሶ ወደ ቦይ አይግባ። ቦዩ የሚወስደው ወደ ጣና ወይም ወደ አባይ ነው፣ የሲሚንቶ ውሃ ዓሣ ይፈጃል። ሐይቁ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ባይመዘገብም ደንገሉም ዓሣውም የእኛው ነው።

የተቆፈረው አፈር ከጉድጓዱ አፍ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ዋልካው ለሙሊት ስለማይሆን በዕለቱ ከግቢ ይውጣ። የጎረቤትዎ ቤት የጭቃ ከሆነ ከመቆፈሩ በፊት ከጎረቤትዎ ጋር ሆነው የግድግዳውን ስንጥቅ ፎቶ ያንሱ። የሕንፃ አዋጁ በጎረቤት ንብረት ላይ ጉዳት እንዳይደርስ ጥንቃቄ እንዲደረግ ያስገድዳል። ኮብልስቶኑ ላይ ደግሞ ምንም አያራግፉ። ማታ ባጃጅ ይገለበጥበታል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ዘንድሮ ተመርቄ አንድ ሳይት ላይ ጁኒየር መሐንዲስ ሆኛለሁ። 40 የሚሆኑ ሠራተኞች አሉን፣ 15ቱ ሴቶች ናቸው። ሽንት ቤት የለም። ሴቶቹ ጎረቤት ይለምናሉ፣ አንዳንዶቹ ውሃ ሳይጠጡ ይውላሉ። ኮንትራክተሩን ስጠይቀው «በጀት የለውም፣ ደግሞ ጊዜያዊ ነው» ይለኛል። ምን ልበለው? (ሐ. ከበላይ ዘለቀ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጥሩ ዓይን አለሽ፣ አትተዪው። ባሬላ ተሸክሞ በባሕር ዳር ፀሐይ ውሃ ሳይጠጡ መዋል ማለት በሽታ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ጤናና ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታን በአሠሪው ላይ ጥሎታል። ሥራው ጊዜያዊ ነው ብሎ ማምለጥ አይቻልም። በጀት የለም ካለሽ የዋጋ ዝርዝሩን አስወጪው፤ ብቻውን ተጽፎ ባታገኚው እንኳ እንዲህ ያለው ወጪ አብዛኛውን ጊዜ በየሥራው ዋጋ ውስጥ ታስቦ የገባ ነው።

ከዚያ ርካሹን መንገድ ንገሪው። ሕንፃው ሴፕቲክ ታንከር አለው አይደል? መጨረሻ ላይ ከመቆፈር መጀመሪያ ይሠራ። ላዩ ላይ ከቆርቆሮና ከሞራሌ ሁለት ክፍል ይቁም፣ አንዱ ለሴቶች፣ ከውስጥ የሚቆለፍ። ለ20 ወይም 25 ሰው አንድ መቀመጫ ብለሽ አስቢ። ለሴቶቹ ልብስ መቀየሪያ የምትሆን 2 በ2 ክፍልም ከጎኑ ቢቀጠል እንጨቱ ያው ነው። ሐይቁ አቅራቢያ ተራ ጉድጓድ መቆፈር አልመክርሽም፣ ውሃው ቅርብ ስለሆነ ይበክለዋል፣ በክረምትም ይሞላል። አንድ ጥንቃቄ ልጨምርልሽ፦ ታንከሩ ባዶውን ክረምት ከገባበት የከርሰ ምድር ውሃው ከታች ገፍቶ ሊያነሳው ስለሚችል፣ እንደተሠራ ውሃ ይሞላበት።

የእጅ መታጠቢያው ከሽንት ቤቱ መውጫ ላይ ይሁን፣ ሳሙና ያለው። ሲሚንቶ ቆዳ ይበላል። ምግብ የሚበሉበትን ጥላ ደግሞ ከሚክሰሩ አቧራ ራቅ አድርጊው። ከሰዓት ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከሐይቁ ወደ ከተማው ስለሚነፍስ፣ ጥላው ከሚክሰሩ ወደ ሐይቁ በኩል ቢሆን አቧራው ወደ ሳህናቸው አይመጣም። የመጠጥ ውሃው ከማቡኪያው በርሜል ይለይ፣ ክዳንና ቧንቧ ያለው ጀሪካን ይበቃል። ለኮንትራክተሩ በወረቀት ጽፈሽ ስጪው፣ ቅጂውን ለባለቤቱና ለአማካሪው ድርጅት አድርሺ።

ጥያቄ፦ ዘበኛው ሲሚንቶ ስቶር ውስጥ ቢያድር ምን ችግር አለው? ሌላ ቤት ከመሥራት ያድነኛል። (አ. ከግሽ አባይ)

መልስ፦ እንዳታደርገው ወንድሜ። ሌሊት ሲበርደው ከሰል ያስገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ የከሰል ጭስ ደግሞ ተኝቶ ያለ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። የከረጢቱ ወረቀትም ጣውላውም ለእሳት ቅርብ ነው። ቀን ቀን የሲሚንቶ ብናኝ ሲተነፍስ ይኖራል። ከስቶር ውስጥ ሆኖም በሩን አያይም። ለአንድ ሰው 2 በ2 ሜትር ቆርቆሮ ቤት በሩ አጠገብ ሥራለት፣ ወለሉን ከፍ አድርግለት፣ መስኮቱ ወደ በሩም ወደ ስቶሩም ይይ። የመብራት ማብሪያው እጁ የሚደርስበት ይሁን፣ አጎበርም ግዛለት።