ወለሉ ላይ ያለችውን ቀዳዳ አትድፈኗት

ስለ ካራቫን (መኪና የሚጎትተው ቤት) እና ሞተርሆም (ራሱ የሚነዳ መኪና ቤት) ጋዝ ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ ብዬ ነበር፣ የደረሰኝ ብዛት ግን ካሰብኩት በላይ ነው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ፣ አንዳንዱን ዘርዘር አድርጌ አንዳንዱን ደግሞ በአጭሩ ነው የመለስኩት፣ ቅር እንዳትሰኙ።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? አሮጌ ካራቫን ገዝቼ እያደስኩ ነው። ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት ሳጥን ወለሉ ላይ ክፍት ቀዳዳ አለው፣ መንገድ ላይ አቧራና ውሃ ያስገባል፣ ሲበርድ ደግሞ ንፋስ። ፎም ሞልቼ በሲሊኮን ልዘጋው ነበር፣ ባለቤቴ "መጀመሪያ ሰው ጠይቅ" ስላለችኝ ነው የጻፍኩት።

መልስ፦ ባለቤትህን አመስግንልኝ። እንዳትዘጋው ወንድሜ፣ ጀምረኸው ከሆነም ዛሬውኑ ክፈተው። ያቺ ቀዳዳ ሆን ተብላ ነው የተበሳችው። ሲሊንደር ውስጥ ያለው ፕሮፔን ነው ወይ ቡቴን ነው ወይ የሁለቱ ድብልቅ፣ ሁለቱም ደግሞ ከአየር ይከብዳሉ፣ ፕሮፔን አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ቡቴን ሁለት እጥፍ ገደማ፣ ስለዚህ ሲተነፍስ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፣ እንደ ውሃ ነው ወደ ታች የሚፈሰው፣ ወለል ለወለል ሄዶ ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ እዛው ይተኛል። ቀዳዳዋ ክፍት ከሆነች በመኪናው ስር ወጥቶ ንፋስ ይወስደዋል። ከተደፈነች ግን ሳጥኑን ይሞላና ሽቦ በሚያልፍበት ስንጥቅ፣ በበሩ ጠርዝ፣ ባገኘው ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል፣ አልጋ ስር ይጠራቀማል፣ ከዛ በኋላ የሚቀረው አንዲት ብልጭታ ናት።

ብዙ ጋዝ ያስፈልጋል ብለህ ደግሞ እንዳታስብ። ፕሮፔን አየሩ ውስጥ 2 በመቶ አለፍ ሲል ጀምሮ እስከ 9.5 በመቶ ድረስ ይቀጣጠላል። 1 ሊትር ፈሳሽ ፕሮፔን ወደ ጋዝ ሲለወጥ 270 ሊትር ገደማ ይሆናል፣ ይሄን ስታሰላው ከሲሊንደርህ የወጣች አንዲት ሊትር ብቻ 12 ኪዩቢክ ሜትር አየር ተቀጣጣይ ማድረግ ትችላለች፣ የትንሽ ካራቫን ውስጡ ደግሞ ከዚህ ብዙም አይበልጥም። ይሄን ሂሳብ መጀመሪያ የሰራሁ ቀን ደንግጫለሁ፣ እውነቴን ነው።

እኔም አንድ ያገለገለ ካራቫን ገዝቼ ነበር። የሲሊንደሩን ሳጥን ለማጽዳት ከታች የተነጠፈውን ምንጣፍ ሳነሳ ቀዳዳዋ በጨርቅ ተጠቅጥቃ ከላይ ፕላስተር ተለጥፎባት አገኘሁ። ጨርቁን በፒንሳ ጎትቼ ሳወጣው ደርቆ የቀዳዳዋን ቅርጽ ይዞ ነበር፣ ክብ ሆኖ፣ እንደ ቡሽ። ስንት ዓመት እንደዛ እንደተነዳ እግዜር ይወቅ። ከእኔ በፊት የነበሩት ሰዎች ልጆች ነበሯቸው፣ መስታወቱ ላይ የለጠፉት ስዕል ሁሉ ነበር፣ እና ያን ጨርቅ እጄ ላይ ይዤ ትንሽ ቆምኩ።

አቧራው ካስቸገረህ ስስ የሽቦ ወንፊት አድርግባት፣ ግን ወንፊቱም በጭቃ ስለሚደፈን ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት እያት። መደፈን ያለበት ወደ መኖሪያው ክፍል የሚያሳየው ስንጥቅ ነው፣ ሽቦ የሚያልፍበት፣ የግድግዳው መጋጠሚያ፣ እሱን በደንብ ዝጋ። ሳጥኑ ወደ ውስጥ ዝግ ወደ ውጪ ክፍት መሆን አለበት። ክሪክ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ጫማ ምናምን እዛ ውስጥ አትክተት፣ ወይ ቀዳዳዋ ላይ ይተኛል ወይ መኪናው ሲነጥር ቫልቩን ይመታዋል።

ጥያቄ፦ እኔና እህቴ በሞተርሆም እየዞርን ነው። ሰሞኑን ጠዋት ስንነሳ ሁለታችንንም ራሳችንን ያመናል፣ እሷን ያቅለሸልሻታል፣ ወጥተን ትንሽ ስንራመድ ይሻለናል። ማታ ስለሚበርድ ምድጃውን ለኩሰን ነው የምንተኛው። ጋዝ ይሆን እንዴ ብለን የጋዝ ሴንሰር ገዝተን አስገጠምን ግን አንድም ቀን ጮሆ አያውቅም።

መልስ፦ እህቴ፣ ሌላውን ሳታነቢ መጀመሪያ ይሄን፦ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ምድጃ ለኩሳችሁ አትተኙ። ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ስትሄዱም ራሴን አመመኝ ብቻ አትበሉ፣ "ዝግ ቦታ ውስጥ እሳት እየነደደ ነው የምንተኛው" ብላችሁ ንገሩት፣ ምን መመርመር እንዳለበት ያውቃል።

የገዛችሁት ሴንሰር ተበላሽቶ አይመስለኝም ያልጮኸው። እሱ የሚያውቀው ያልተቃጠለ ጋዝ ነው፣ የእናንተ ችግር ግን የተቃጠለው ይመስላል። ምድጃ ሲነድ ኦክስጅን ይበላል፣ መስኮቱ ዝግ ክፍሉ ጠባብ ሲሆን አየሩ እያነሰው ይሄድና በትክክል ማቃጠል ያቅተዋል፣ ያኔ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይሄ ደግሞ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ አይን አያቃጥል፣ ምንም። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ ትንሹም ቀስ እያለ ይጠራቀማል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ አንድ ቤት ያደሩ ሰዎች አብረው መታመማቸው፣ ውጪ ሲወጡ ደግሞ መሻሉ፣ አንቺ የጻፍሽው በሙሉ ምልክቱ ነው። የሚያስፈራው ሰው እንቅልፍ ላይ ከሆነ ምልክቱን ሳይሰማው ማለፉ ነው።

ስለዚህ ሁለት ሴንሰር ነው የሚያስፈልገው። የጋዙ ዝቅ ብሎ ወለሉ አጠገብ ይገጠማል፣ ጋዝ ይወርዳል ብለናልና። የካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን ከአየር ጋር እኩል ስለሚደባለቅ ከፍ ብሎ ነው፣ ስትተኙ ከምትተነፍሱበት ከፍታ ብዙ ሳይርቅ፣ አብሮት የሚመጣው መመሪያ ቦታውን ይነግራችኋል። ስትገዙ ለካራቫንና ለጀልባ የተሰራ መሆኑን እዩ፣ የአውሮፓው ስታንዳርድ ኢኤን 50291 ክፍል 2 ነው፣ ለቤት ብቻ የተሰራው የመንገዱን መንቀጥቀጥና የሙቀት መለዋወጡን ላይችለው ይችላል። በየጊዜው የመሞከሪያ ቁልፉን ተጫኑት።

እሳቱን ራሱንም እዩት። ጤነኛ የጋዝ እሳት ሰማያዊ ነው፣ ወደ ቢጫ ካደላ፣ ጫፉ ከተወዛወዘ፣ ድስት ካጠቆረ፣ አንድ የተበላሸ ነገር አለና ባለሙያ ይየው። ለሙቀት የሚሆነው ጭሱን በራሱ ቱቦ ወደ ውጪ የሚያስወጣ ማሞቂያ ብቻ ነው፣ የሱም ጭስ ማውጫ በቅጠል ወይ በበረዶ እንዳልተዘጋ ከመለኮስ በፊት ዞር ብሎ ማየት ነው። ከሰል ምድጃም እንዲሁ፣ ውጪ ጠብሳችሁ ስትጨርሱ ዝናብ መጣ ብላችሁ ድንኳኑ ውስጥ እንዳታስገቡት፣ የጠፋ የሚመስለው ፍም ለሰዓታት ይሄንኑ መርዝ ያወጣል። ደህና መሆናችሁን ጻፊልኝ እባክሽ፣ እጠብቃለሁ።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሞተርሆም ረጅም መንገድ እነዳለሁ። ፍሪጁ በጋዝ፣ በ12 ቮልትና በመብራት የሚሰራ ነው። ስነዳ በጋዝ ብተወው ባትሪ እቆጥባለሁ፣ ጓደኛዬ ግን አጥፋው ይለኛል።

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ናቸው አባቴ። ፍሪጁ በጋዝ ሲሰራ ከጀርባው ትንሽ እሳት እየነደደ ነው፣ አይታይም እንጂ። በዛ እሳት ነዳጅ ማደያ ገባ ማለት ክብሪት ለኩሶ መግባት ነው፣ የቤንዚን ትነት ደግሞ እሱም ወደ ታች ነው የሚወርደው። ሌላው ግጭት ነው፣ መኪናው ተመቶ ቱቦው ቢቆረጥ ሲሊንደሩ ክፍት ከሆነ እስኪያልቅ ይፈሳል። እየነዱ ማሞቂያ ለመጠቀም ግጭት ሲሰማው ራሱ የሚዘጋ ሬጉሌተር (ከሲሊንደሩ የሚወጣውን ጋዝ ግፊት የሚቀንሰው ዕቃ) እና ቱቦ ሲበጠስ የሚዘጋ መከላከያ ያላቸው መኪናዎች አሉ፣ የእርስዎ እንዲህ ከሆነ እንኳ ማደያ ከመግባትዎና መኪና የሚያሻግር ጀልባ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ይዝጉት።

ስለ ባትሪው አይስጉ፣ ሞተሩ እየሰራ ስለሆነ በ12 ቮልት ላይ ያድርጉት፣ ተነስተው እስኪደርሱ ያቆያል። ሲዘጉ ደግሞ ፍሪጁ ላይ ብቻ ሳይሆን ሲሊንደሩ ራስ ላይ ያለውን ቫልቭ ነው፣ ያኔ ቱቦው ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ሲሊንደሬ ግማሽ አካባቢ አለው፣ ሲወዘወዝ ይሰማል፣ ግን ብርዱ ሲበረታ ጠዋት እሳቱ እምቢ ይላል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ልንከረው ወይስ ማሞቂያ ላጠጋው?

መልስ፦ ሁለቱንም ተው። ቡቴን ይመስለኛል የያዝከው። ቡቴን ወደ ጋዝ የሚለወጠው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ከዛ በታች ሲሆን ፈሳሹ እዛው ተኝቶ ይቀራል፣ ሲወዘወዝ የምትሰማው እሱን ነው። ፕሮፔን ግን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ድረስ ይተናል፣ ለብርድ የሚሆነው እሱ ነው። ድብልቅ ከሆነ ደግሞ ፕሮፔኑ ቀድሞ እየወጣ ያልቅና መጨረሻ ላይ ቡቴኑ ብቻ ይቀራል፣ መጀመሪያ ሰርቶ ኋላ እምቢ የሚለው ለዛ ነው።

ማሞቅ ግን አደገኛ ነው። ሲሊንደር ሲሞላ ሙሉ ለሙሉ አይደለም፣ 80 በመቶ ገደማ ተሞልቶ የቀረው ፈሳሹ ሲሞቅ እንዲለጠጥበት ነው የሚተወው። ከ50 ዲግሪ በላይ እንዲሞቅ መተው የለበትም፣ ማሞቂያ ደግሞ አንዱን ጎኑን ብቻ ከዛ በላይ ያደርገዋል። ፕሮፔን ስትቀይር ሬጉሌተሩ ለሱ የሚሆን መሆኑን አረጋግጥ። ብዙዎቹ የፕሮፔን ማያያዣዎች ከተለመደው ብሎን በተቃራኒ ነው የሚዞሩት፣ ለማጥበቅ ወደ ግራ፣ ይሄን ሳያውቁ በቁልፍ ታግለው ጥርሱን የሚበሉት ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሲሊንደር በቀየርኩ ቁጥር ትንሽ ሽታ አለ። ላይተር አስጠግቼ ልፈትሽ?

መልስ፦ እሳት በምንም መልኩ አታስጠጋ! ጋዙ በራሱ አይሸትም፣ ያ የበሰበሰ እንቁላል ወይ ጎመን የሚመስለው ሽታ ሰው እንዲነቃ ተብሎ የተጨመረ ነው፣ ስለዚህ ሽታውን ቁም ነገር አድርገው። ቫልቩን ዝጋ፣ በርና መስኮት ክፈት፣ ማብሪያ ማጥፊያ አትንካ፣ ስልክም ውጪ ወጥተህ። ሁሉም ሰው ይውጣ፣ ሽታው ካልቀነሰ ራቅ ብላችሁ እሳት አደጋ ጥሩ።

ሽታው ጠፍቶ መፈተሽ ስትፈልግ የእቃ ሳሙና በውሃ በጥብጠህ በብሩሽ ማያያዣው ላይ፣ ቱቦው ጫፍ ላይ፣ ሬጉሌተሩ ዙሪያ ቀባ፣ ቫልቩን ክፈትና አትቸኩል። ትልቅ ትንፋሽ ወዲያው ያረፋል፣ ትንሹ ግን ደቂቃ ይፈልጋል። ባለፈው የኔ ላይ ያየሁት ቱቦውን ከሚያጠብቀው ፋሸታ ስር አንዲት የመርፌ ራስ የምታክል አረፋ ቀስ ብላ ወጥታ አደገች፣ ፈነዳች፣ እዛው ቦታ ሌላ ተተካች። ቱቦውን ሳጥፈው ደግሞ ስንጥቆቹ ታዩ። ቱቦው ላይ የተመረተበት ዓመት ታትሟል፣ አንብበው፣ ከተሰነጠቀ ወይ ከደረቀ ጊዜው ባያልፍም ቀይረው። ሬጉሌተርም 10 ዓመት ካለፈው ቀይረው። ሲሊንደር በቀየርክ ቁጥር ደግሞ የማያያዣውን ጎሚኒ፣ ማለትም ጋዝ እንዳያሾልክ የሚገባውን ጎማ፣ እይ፣ ብዙ ጊዜ ሽታው የሚመጣው ከሱ ነው።

ጥያቄ፦ ስንት እንደቀረ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ በሚዛን። አንገቱ ላይ ባዶ ክብደቱ ተጽፏል፣ 10 ኪሎ የሚል ከሆነና አሁን 14 ከመዘነ 4 ኪሎ ጋዝ አለህ። ባዶ የሚመስለውም ቫልቩ ይዘጋ፣ ሁሌም ትንሽ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ሳጥኑ አጭር ስለሆነብኝ አስተኝቼው ብጭነውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ቆሞ ሲሆን ከላይ የሚወጣው ጋዝ ነው፣ ሲተኛ ግን ፈሳሹ ቫልቩ ጋ ይደርስና ሬጉሌተሩ ውስጥ ይገባል፣ ሬጉሌተር ደግሞ ለጋዝ ነው የተሰራው፣ ምድጃው ላይ የጠበቅከው ትንሽ እሳት ነበልባል ሆኖ ይወጣል። ለአደጋ ጊዜ ጋዝ የሚያስተነፍሰው ቫልቭም ቆሞ ሲሆን ነው በትክክል የሚሰራው። ባዶ ሲሆንም፣ ስትጭነውም፣ ስታስቀምጠውም አቁመህ በቀበቶ አጥብቀህ እሰረው። ሳጥኑ አጭር ከሆነ አጠር ያለ ሲሊንደር ፈልግ።